ያሰመርኩባቸውን መስመሮች መልሼ ሳያቸው

ገጽ ቆጣሪ

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ባለፈው ቤት ስቀይር መጽሐፎቼን ከካርቶን እያወጣሁ ስደረድር አነቃቂ የምንላቸውን ለብቻ ሰብስቤ ቆጠርኳቸው። 31 ናቸው። ስለ ልማድ፣ ስለ ገንዘብ፣ ስለ በራስ መተማመን፣ ስለ አተነፋፈስ፣ ስለ አመጋገብ፣ ማለዳ ስለ መነሳት። ማለዳ ስለ መነሳት ብቻ አራት አሉ። አራቱንም ሌሊት ነው ያነበብኳቸው።

እኔ ሳነብ እርሳስ እይዛለሁ። ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ ያሰመርኩበትን ብቻ እየፈለግኩ ማንበብ ጀመርኩ። ሁለት ነገር ገረመኝ።

አንደኛ፣ መስመሮቹ መጀመሪያ ላይ ይበዛሉ። እስከ አርባኛው ገጽ ድረስ በእርሳስ ተጨማልቋል። ከዚያ እየሳሳ ይሄዳል። ከግማሽ በኋላ ያለው ንጹህ ነው፤ አንዳንዱ ጭራሽ የተገለጠም አይመስልም።

ሁለተኛውና የባሰው፣ ያሰመርኩበት ሁሉ ስለ እኔ ነው። «ከምታስበው በላይ አቅም አለህ» ዓይነት። «ሌሎች ያላዩልህ ነገር ውስጥህ አለ» ዓይነት። «ይህን አድርግ፣ በዚህ ሰዓት፣ ለዚህን ያህል ጊዜ» የሚል መመሪያ ላይ ያሰመርኩት በ31 መጽሐፍ ውስጥ ሦስት ቦታ ብቻ ነው። የገዛኋቸው እኮ መመሪያ ፍለጋ ነበር።

መጽሐፎቹ ጥሩ ናቸው መጥፎ ናቸው የሚለውን ክርክር ጠግበነዋል። እኔ ማወቅ የምፈልገው እንዴት እንደያዙኝ ነው። ሞኝ አይደለሁም (ባለቤቴ የተለየ አስተያየት ሊኖራት ይችላል)። በሥራዬ ላይ ሰው ያለ ማስረጃ ሲያወራኝ ቶሎ እነቃበታለሁ። እዚህ ላይ ግን 31 ጊዜ እጅ ሰጠሁ። ምኑ ነው የሚያሳምነን?

ማሂ ሳቂታ

አራቱንም ሌሊት! ሃሃሃ።

እኔ ነገሮችን ለነገ ማሳደር እንዴት እንደሚቆም የሚያስተምር መጽሐፍ ገዝቼ ሁለት ዓመት ሆነው። አላነበብኩትም። ዕልባቱ ግን ያምራል።

አራሚው

ወንድሜ ገጽ ቆጣሪ፣ የት እንደምታሰምር እኛ አስቀድመን እናውቅ ነበር። ይቅርታ አድርግልኝ።

ለዓመታት በአርታኢነት ሠርቻለሁ። ከሠራኋቸው ግማሽ ያህሉ አንተ የምትላቸው ዓይነት ናቸው። የትኞቹ እንደሆኑ አልነግርህም፤ ከ31ዱ ውስጥም ይኖሩ ይሆናል። ያሰመርክበት ዓረፍተ ነገር እንዲሰመርበት ሆኖ ነው የተጻፈው። አጭር ነው። ለብቻው አንቀጽ ተሰጥቶታል። የሚያወራው ለ«አንተ» ነው። ከሱ በፊት ትንሽ የሚያደክም ረጅም አንቀጽ ይቀመጣል፣ እዚያ ስትደርስ እፎይ እንድትል።

ሌላው ጥርጣሬህን ቀድሞ መያዝ ነው። መግቢያው ላይ «ብዙ ሰው ይህን መጽሐፍ ጀምሮ ይተወዋል» የሚል ነገር አታጣም። ቀጥሎ «እዚህ ድረስ ካነበብክ ግን አንተ ከእነሱ አይደለህም» ይላል። ልብ በል፣ ገና ገጽ 9 ላይ ነህ። ምንም አላደረግክም። ግን ከብዙ ሰው መካከል ተመርጠሃል። ከዚህ በኋላ መጽሐፉን መጠራጠር ማለት ወደ «ብዙ ሰው» መመለስ ይሆንብሃል። ማን ይፈልጋል?

ከዚያ መጠይቁ ይመጣል። ጀምረህ ያልጨረስከው ነገር አለ? ሰዎች በትክክል እንደማይረዱህ የሚሰማህ ጊዜ አለ? ከሚገባህ በታች እየኖርክ ይመስልሃል? ከሰባቱ አራቱን «አዎ» ካልክ መጽሐፉ ላንተ ነው። አንዴ ለጨዋታ ብዬ የቢሮውን ሰው ሁሉ ጠየቅኩ። ሁላችንም ያስፈልገን ነበር፣ ጸሐፊውን ጨምሮ።

ድግግሞሹን ሳታውቁት አትቀሩም። አንድ ጊዜ አንድ ረቂቅ ይዤ የተደጋገመውን ሁሉ ሰረዝኩ። ሲሶው ብቻ ቀረ። በሥራዬ ኮርቼ ነበር። አሳታሚው ጠርቶ «መልሰው» አለኝ። «አንባቢ የሚያምነው ሦስቴ ሲሰማው ነው።» ያኔ ተናደድኩ። በኋላ ሳነብ ሰውዬው ልክ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1977 የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እውነትም ሐሰትም የተቀላቀለባቸውን ዓረፍተ ነገሮች ለተማሪዎች አቀረቡ። በሁለት ሁለት ሳምንት ልዩነት ሦስት ጊዜ። ተደጋግሞ የመጣው ሐሰት እንኳ ቢሆን በየዙሩ ይበልጥ እውነት እየመሰላቸው ሄደ። አሳታሚያችን ጥናቱን አይቶት የሚያውቅ አይመስለኝም። ሽያጩን ሲያይ ነው የገባው።

ከወንበሩ ማዶ

እኔ የምክር አገልግሎት ላይ ነው የምሠራው። አራሚው መጠይቁን ሲያነሳ አንድ የቆየ ሙከራ ትዝ አለኝ።

በርትራም ፎረር የሚባል የሥነ ልቦና መምህር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1948 ለ39 ተማሪዎቹ የስብዕና ፈተና ሰጣቸው። ከሳምንት በኋላ ለእያንዳንዳቸው «ያንተ ውጤት ይኸው» ብሎ ወረቀት አደለ። ምን ያህል እንደሚገልጻቸው ከ5 ነጥብ እንዲሰጡ ጠየቃቸው። አማካዩ 4.26 ሆነ። በጣም ገረማቸው፣ እንዴት አወቀኝ ብለው። ጉዱ ግን ሁሉም የደረሳቸው ያው አንድ ወረቀት መሆኑ ነው። መምህሩ አብዛኛውን የወሰደው መንገድ ላይ ከሚሸጥ የኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ ነበር።

ወረቀቱ ላይ ያለው ምን መሰላችሁ? ሰዎች እንዲወዱህ ትፈልጋለህ። በራስህ ላይ ትበረታለህ። ገና ያልተጠቀምክበት ብዙ አቅም አለህ። አንዳንዴ ተጫዋች ነህ፣ አንዳንዴ ቁጥብ። ይሄ እኮ የሰው ልጅ በሙሉ ነው።

ገጽ ቆጣሪ ያሰመረው «ከምታስበው በላይ አቅም አለህ» የሚለው እዚያ ወረቀት ላይ አለ ማለት ይቻላል። ዓረፍተ ነገሩ ባዶ ዕቃ ነው። አንባቢው የራሱን ነገር ይሞላበታል። ያላለቀ ትምህርት፣ የተቋረጠ ፍቅር፣ አባት ያልተናገረው አንድ ቃል። ሞልቶ ሲያየው «ይሄ ሰው አወቀኝ» ይላል። የሞላው እሱ ራሱ ነው። ለዚህ ነው ብልህ ሰው ሁሉ የሚያዘው፤ ብልህ ሰው እንዲያውም ቶሎ ይሞላዋል። እኔ ጋ መጥተው «ይህ መጽሐፍ የተጻፈው ስለ እኔ ነው» ያሉኝ ሰዎች ብዙ ናቸው። በኑሮም በጠባይም የማይገናኙ ሰዎች፣ ስለ አንድ መጽሐፍ።

ታታሪ 3

ተሰብስቦ አንባቢ ላይ መሳቅ ቀላል ነው።

እኔ የዛሬ ስድስት ዓመት ከሥራ ተባረርኩ። በዚያው ሰሞን ትዳሬም ፈረሰ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከእንቅልፌ እነቃለሁ፣ ከዚያ እስኪነጋ ጣራውን ሳይ ነው። ደውዬ የማወራው ሰው አልነበረኝም። የነበረኝ አንድ መጽሐፍ ነው። «ትችላለህ» አለኝ። አዎ፣ ለሁሉም ነው ያለው። ይሁንና! በሕይወቴ ማንም እንደዚያ ብሎኝ ስለማያውቅ ለእኔ ብቻ የተባለ ያህል ነበር። ተነሳሁ። ሥራ ፈለግኩ። ዛሬ ደህና ነኝ።

ደግሞ ነገሩ ከየት እንደመጣ ብታውቁ እንዲህ አትቀልዱም። እ.ኤ.አ. በ1845 እንግሊዝ አገር ሊድስ ከተማ ውስጥ ጥቂት ድሃ ወጣቶች በክረምት ማታ ማታ እየተሰበሰቡ እርስ በእርስ መማማር ጀምረው ነበር። ማንበብ፣ መጻፍ፣ ሒሳብ። ሲበዙ ሳሙኤል ስማይልስ የሚባል ሰው መጥቶ እንዲያናግራቸው ጠየቁት። ያ ንግግር ነው አድጎ በ1859 መጽሐፍ የሆነው። ርዕሱም «ራስን መርዳት» ነው። የዘርፉ ስም የመጣው ከዚያ ነው። አስተማሪ ያጣ ሰው የፈጠረው ነገር ነው። የሀብታም ማጭበርበሪያ አልነበረም።

አራሚው

ታታሪ፣ ታሪኩን በማንሳትህ ተደስቻለሁ፤ እውነት ነው። አንድ ነገር ግን ልጨምርልህ። እነዚያ ልጆች ማታ ማታ *ይሰበሰቡ* ነበር። መጽሐፍ ሲሆን መሰብሰቡ ቀረ፣ «ራስህ» የሚለው ብቻ ተረፈ። ከዚያ ወዲህ የዘርፉ መጽሐፍ አንባቢውን ብቻውን ነው የሚያገኘው። አንተም ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ብቻህን ነበርክ። ማሳመን ደግሞ ለብቻ ያለ ሰው ላይ ይቀላል። አጠገብህ «ኧረ ተው እንጂ» የሚል የለም።

ገጽ ቆጣሪ

ታታሪ፣ እየሳቅኩብህ አይደለም። 31 ገዝቼ በማን እስቃለሁ?

አንድ ነገር ልጠይቅህ ግን። ያን መጽሐፍ ያነበበ፣ ያንተ ዓይነት ችግር ያለበት፣ ግን ያልተነሳ ሰው ታውቃለህ?

ታታሪ 3

አላውቅም። ግን ያልተነሳ ሰው እንዴት ላውቀው እችላለሁ? እዚህ መጥቶ አይጽፍም።

እሺ፣ ገባኝ ወዴት እየወሰድከኝ እንደሆነ።

ቁጥር አይዋሽም

ስሜን አትዩት፣ ድሮ ያወጣሁት ነው። ቁጥር እንደ ጉድ ይዋሻል።

አብራሃም ዋልድ የሚባል የስታቲስቲክስ ሊቅ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከውጊያ የሚመለሱ አውሮፕላኖች የተመቱባቸውን ቦታዎች አጥንቷል። መልሱ በአጭሩ፦ የተመለሱት ላይ ቀዳዳ የበዛበትን ቦታ ሳይሆን ቀዳዳ የሌለበትን አጠናክሩ። እዚያ የተመቱት አልተመለሱማ። መጽሐፎቹ የተሞሉት በተመለሱ አውሮፕላኖች ነው። «ሁሉን ትቶ ሕልሙን ተከተለ፣ ተሳካለት።» ሁሉን ትቶ ሕልሙን ተከትሎ ሁሉን ያጣው ምዕራፍ አይሰጠውም።

እኔ ግን የመጣሁት ስለ 21 ቀን ላወራ ነው። ይሄ ነገር ያንገበግበኛል። «ልማድ በ21 ቀን ይገነባል።» ስንት ቦታ አንብባችኋል? ምንጩ ማክስዌል ማልትዝ የሚባል አሜሪካዊ የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ሐኪም ነው። ሰው ፊቱን ተሠርቶ አዲሱን መልኩን እስኪለምድ፣ እጁ ወይም እግሩ የተቆረጠበትም እስኪቀበለው ጊዜ እንደሚወስድ አስተዋለ። በ1960 ባሳተመው መጽሐፍ ላይ «ቢያንስ ወደ 21 ቀን ገደማ» የሚል ነገር ጻፈ። አስተውሉ፦ *ቢያንስ*። *ገደማ*። የሚያወራውም ስለ አዲስ አፍንጫ ነው። ስለ ስፖርት አላወራም፣ ስለ ማለዳ መነሳትም አላወራም። ከመጽሐፍ መጽሐፍ ሲሻገር መጀመሪያ «ገደማ» ወደቀች። ከዚያ «ቢያንስ» ወደቀች። በመጨረሻ አፍንጫውም ቀረ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ወረቀቱ ላይ 21 ተጽፏል፣ አለቀ።

ለንደን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ ጥናት ነገሩን በደንብ ለካው። 96 ሰዎች በየቀኑ አንድ ትንሽ ነገር እንዲለማመዱ ተደረገ። ሳያስቡት የሚያደርጉት ልማድ እስኪሆን በመካከለኛ ግምት 66 ቀን ወሰደ። ልዩነቱ ግን የትየለሌ ነው፤ ከ18 ቀን እስከ 254 ቀን። አንድ ቀን መዝለል ደግሞ ያን ያህል አልጎዳም። ይሄ ለአንባቢ ደግ ዜና ነው። ችግሩ «ከ18 እስከ 254 ቀን፣ እንደ ሰዉና እንደ ነገሩ» የሚል የመጽሐፍ ሽፋን አይሸጥም።

ማሂ ሳቂታ

እኔ የ21 ቀኑን አምስት ጊዜ ጀምሬያለሁ። አንድ ላይ ቢደመር 30 ቀን ይሆናል፣ አይቆጠርም?

ቁጥር አይዋሽም

እንደ አንዳንዶቹ ደራሲዎች ሒሳብ ከሆነ ይቆጠራል።

ሌላም አለ። «አንድ ዩኒቨርሲቲ በ1953 ተመራቂዎቹን ጠየቀ፣ ግባቸውን በጽሑፍ ያሰፈሩት 3 በመቶ ብቻ ነበሩ፣ ከ20 ዓመት በኋላ ሲታይ የነሱ ሀብት ከቀሩት 97 በመቶ ድምር በለጠ።» የማያውቀው የለም። የሚጠቀሰው ዬል ዩኒቨርሲቲ ነው። ዬል ፈልጎ ፈልጎ እንዲህ ያለ ጥናት አላገኘም። አልተደረገማ። የሚያሳምነው ግን ዝርዝሩ ነው። 3 በመቶ፣ 1953፣ 20 ዓመት። ሰው ሲፈጥር ይህን ያህል ዝርዝር ይፈጥራል ብለን አንጠረጥርም።

የማታ ተረኛ

ነርስ ነኝ። እስካሁን ያወራችሁት ኪስና ጊዜ ስለሚበላው ነው። እኔ የማየው ስለ ጤና የሚጽፉትን ነው።

እነዚህ ትንሽ ለየት ይላሉ። የመጀመሪያው ቃላቸው «መርዝ» ነው። ሰውነትህ በመርዝ ተሞልቷል፣ ማጽዳት አለብህ። የትኛው መርዝ? ስሙ አይነገርም። ስም ከተነገረ በላብራቶሪ ይለካላ። ጉበትና ኩላሊት ሌት ተቀን ይህንኑ ሥራ እንደሚሠሩ መጽሐፉ ላይ ብትፈልጉ አታገኙም።

ሁለተኛው የሰው ክብር መዋስ ነው። ላይነስ ፖሊንግ ሁለት የኖቤል ሽልማት የወሰደ ሰው ነው፤ በ1954 በኬሚስትሪ፣ ለ1962 ደግሞ የሰላም። በ1970 ቫይታሚን ሲ በብዛት መውሰድ ጉንፋንን ይከላከላል ብሎ መጽሐፍ ጻፈ። ከዚያ በኋላ የተደረጉት ሙከራዎች ሲደመሩ፣ ለአብዛኛው ሰው ጉንፋን እንዳይዘው አያደርግም፤ አዘውትሮ ለሚወስደው ቢበዛ ጥቂት ያሳጥረዋል። ሰውዬው አጭበርባሪ አልነበረም፣ ከልቡ ያምን ነበር። ግን ሽልማቱ ለሌላ ሥራ ነው የተሰጠው። አንባቢ ይህን አይለይም። እኔም አልለይም ነበር።

ሦስተኛው «እኔ ድኛለሁ» ነው። አውስትራሊያዊቷን ቤል ጊብሰንን የሰማችሁ ትኖራላችሁ። የአንጎል ካንሰር ይዞኝ ነበር፣ በአመጋገብና በተፈጥሮ መንገድ እየታገልኩት ነው አለች። መተግበሪያ አወጣች፣ መጽሐፍ ታተመላት። እ.ኤ.አ. በ2015 ካንሰር ኖሯት እንደማያውቅ ራሷ አመነች። በ2017 ፍርድ ቤት 410,000 የአውስትራሊያ ዶላር ቀጣት። እኔን የገረመኝ ውሸቷ አይደለም። እንደዚያ ያለ መጽሐፍ ሲታተም አንድም ሰው «እስቲ የሕክምና ማስረጃሽን» ማለት እንዳልመሰለው ነው። ታሪኩ ሲያምር ማስረጃ መጠየቅ ነውር ይመስላል። የታመመን ሰው መጠራጠር ይሆናል።

አሁን የራሴን ልንገራችሁ። አክስቴ የደም ግፊት መድኃኒቷን አቆመች። መጽሐፉ በግልጽ «አቁሚ» አላላትም። ደጋግሜ ፈልጌያለሁ፣ የትም ቦታ አላለም። ያለው «ሰውነትሽን ስሚ»፣ «ፍርሃት ራሱ በሽታ ነው»፣ «ክኒን ምልክቱን ይሸፍናል እንጂ ሥሩን አይነቅልም» ነው። መደምደሚያውን ለእሷ ተወላት። እሷም ደመደመች። ስንጨቃጨቅ መጽሐፉን ስትጠቅስልኝ አልሰማኋትም፤ «እኔ ወስኜ ነው» ነበር የምትለው። እንደዚያ የወሰነን ሰው መመለስ ከባድ ነው። አንድ ጠዋት ግማሽ ፊቷ ተንጋድዶ ተነሳች። አሁን ተሽሏታል፣ ግራ እጇ ግን እንደ ድሮው አይደለም።

ሆስፒታል ተኝታ ምን እንዳለች ታውቃላችሁ? «በደንብ አላመንኩበትም ነበር መሰለኝ።»

ከወንበሩ ማዶ

እህቴ፣ እግዜር ይማራት።

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ላይ ልቁም፤ ከሁሉ የሚከብደው እሱ ነው። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም እንላለን። መጽሐፎቹ ይህን ተረት ወደ ሕግ ቀይረውታል። ከተሳካልህ ዘዴው ሠርቷል። ካልተሳካልህ ከአንጀትህ አላለቀስክም። በየትኛውም መንገድ መጽሐፉ አይሸነፍም። የሚሸነፈው አንባቢው ነው፣ እሱም ተሸንፎ ይቅርታ የሚጠይቀው መጽሐፉን ነው። ቀጥሎ የሚያደርገውን እኔ ቢሮ ውስጥ አያለሁ። ሌላ መጽሐፍ ይገዛል።

እስቲ «ራስህን ደጋግመህ አሞግስ» የሚለውን ምክር ውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ2009 ካናዳ ውስጥ የተሠራ ጥናት አለ። ተማሪዎች ደወል በሰሙ ቁጥር «እኔ ተወዳጅ ሰው ነኝ» እያሉ ለራሳቸው እንዲደግሙ ተደረገ። ድሮም ለራሳቸው ጥሩ ግምት ያላቸው ትንሽ ደስ አላቸው። ለራሳቸው ዝቅተኛ ግምት ያላቸው ግን ካልደገሙት ጓደኞቻቸው የባሰ ስሜት ተሰማቸው። ምክሩ የሚጎዳው የሚፈልገውን ሰው ነው። አፉ «ተወዳጅ ነኝ» ሲል ልቡ «ውሸታም» ይለዋላ።

ስኬትን በዓይነ ሕሊና ማየትም እንዲሁ ነው። ገብሪኤለ ኦቲንገን የተባሉ ጀርመናዊት ተመራማሪ በዚህ ላይ ለረጅም ጊዜ ሠርተዋል። በ1991 በወጣ አንድ ጥናት ላይ ክብደት ለመቀነስ የተመዘገቡ 25 ሴቶች ነበሩ። ቀጥነው፣ አምረው ራሳቸውን በሕልም ያዩት በዓመቱ መጨረሻ ነገሩን ያን ያህል ካላሳመሩት ይልቅ 11 ኪሎ ያህል አነስ ያለ ነው የቀነሱት። በኋላም እንዲህ ያለ ጣፋጭ ሕልም ውስጥ ያለ ሰው የደም ግፊቱ ዝቅ እንደሚል ለክተዋል። ሰውነት የደረሰ መስሎት ይዝናናል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

ገጽ ቆጣሪ፣ እርሳስህ ገጽ 40 ላይ የቆመው ለዚህ ይመስለኛል። እስከዚያ ድረስ መለወጥህን ቀምሰኸዋል። ቀሪው ሥራ ነው።

ገጽ ቆጣሪ

ይህን አንብቤ ትንሽ ዝም ማለት ነበረብኝ። ልክ ነሽ። አዲስ መጽሐፍ ስጀምር ያለውን ስሜት አውቀዋለሁ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት በእግሬ ስሄድ እንኳ ቀና ብዬ ነው። ምንም ሳልለወጥ።

አራሚው

የዘርፉን ሌላ ገመና ልጨምር። የመጽሐፉ የመጨረሻ ገጽ መጨረሻ አይደለም። ሥልጠና አለ፣ ከዚያ ከፍ ያለ ሥልጠና፣ ከዚያ ለተመረጡ ብቻ። መጀመሪያ ትንሽ ነገር ነው የምትሰጠው። መጠይቅ መሙላት፣ «ቃል እገባለሁ» ብሎ መፈረም። ሰው አንዴ የፈረመበትን ላለማፍረስ ብዙ ርቀት ይሄዳል።

አሜሪካ ውስጥ ጄምስ አርተር ሬይ የተባለ ታዋቂ አነቃቂ እ.ኤ.አ. በ2009 በአሪዞና ግዛት ሥልጠና አዘጋጀ። ሰው ወደ 10,000 ዶላር ከፍሎ ነው የገባው። መዝጊያው ላይ በጋለ ድንጋይ በሚሞቅ ዝግ ድንኳን ውስጥ ተቀመጡ። ሦስት ሰዎች ሞቱ። እሱም በ2011 በቸልተኝነት ሰው በመግደል ተፈረደበት። በሩን ማንም አልቆለፈም። የቀሩት «አሁን ከወጣሁ የድሮው እኔ ሆንኩ ማለት ነው» ብለው ይመስለኛል። ገጽ 9 ላይ ያለችው ያቺ ዓረፍተ ነገር ትዝ አለቻችሁ?

ታታሪ 3

ሁሉንም አነበብኩ። የነርሷ አክስት ታሪክ አሳዝኖኛል። ግን አንድ ነገር ላሳስባችሁ።

እናንተም እኮ እያሳመናችሁኝ ያላችሁት በዚያው ዘዴ ነው። ገጽ ቆጣሪ «ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ» ብሎ ጀመረ፤ ይሄ የመውደቅ ታሪክ ነው። ቁጥር አይዋሽም በቁጥር መጣ። ነርሷ በእንባ። ጋሽ አራሚ «እኔ ውስጡን አውቃለሁ» ብሎ። ታሪክ፣ ቁጥር፣ ሥልጣን። ምን ቀራችሁ? መጠይቅ ብቻ።

ደግሞ የሚሠሩ መጻሕፍትም አሉ። በ1980 የወጣ፣ አንድ የአእምሮ ሐኪም ስለ ድብርት የጻፈው መጽሐፍ አለ። በሙከራ ተፈትኖ ብዙ ሰው ረድቷል። እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ሐኪሞች ከቤተ መጻሕፍት የሚወሰድ መጽሐፍ በማዘዣ መልክ ይጠቁማሉ። እሱም «አንተ» ይላል። እሱም ታሪክ አለው። እሱም መጠይቅ አለው። እና?

ከወንበሩ ማዶ

ታታሪ፣ ያዝከን። እውነትህን ነው። መሣሪያው አንድ ነው። ያለ ታሪክና ያለ «አንተ» የተጻፈ ምክር ማንም አያነበውም፤ እኔም ሰው ሳማክር እጠቀምበታለሁ።

የጠቀስከውን መጽሐፍ ለደንበኞቼ እሰጣለሁ። ለምን እሱን እንደምመርጥ ግን ጠይቀኸኝ አታውቅም። መጠይቁ ላይ ነጥብህ በጣም ከፍ ካለ፣ ራስህን ስለ ማጥፋት ካሰብክ፣ ሐኪም ጋ ሂድ ይላል። ይህን የሚለው መግቢያው አካባቢ ነው፤ ከሽፋኑ ጀርባ በጥቃቅን ፊደል የተደበቀ አይደለም። አንተ እንዳልከው በሙከራ ተፈትኗል፤ ከሙከራዎቹ በአንዳንዶቹ ደግሞ በየሳምንቱ ደውሎ «እንዴት እየሄደ ነው?» የሚል ሰው ነበር። አራሚው ስለ መሰብሰብ ያለው ትዝ ይበልህ።

እኔ አንድ መጽሐፍ ሳነሳ የምፈልገው አንድ ገጽ ነው። «ይህ ዘዴ ለእነዚህ ሰዎች አይሠራም፣ ይህን ያህል ጊዜ ሞክረህ ለውጥ ካላየህ ተወው፣ ጥፋቱ ያንተ ላይሆን ይችላል» የሚል። መውጫ በር በሉት።

ታታሪ 3

የእኔ መጽሐፍ ያ ገጽ የለውም። አሁን ተነስቼ አየሁ።

አሁንም እወደዋለሁ።

የማታ ተረኛ

ውደደው ወንድሜ። ለአክስቴ ዓይነት ሰው ብቻ አታውሰው።

ገጽ ቆጣሪ

ከሁለት ቀን በኋላ ተመልሼ መጣሁ። 31ዱንም አንድ በአንድ ፈተሽኩ፣ መውጫ በር ፍለጋ።

አራት ላይ አገኘሁ። አንዱ ስለ እንቅልፍ ነው፣ አንዱ ስለ ወገብ ሕመም፣ አንዱ ስለ ጭንቀት። አራተኛው ስለ ልማድ የሚያወራ ቀጭን መጽሐፍ ነው፤ ገጽ 14 ላይ «ይህን ሁሉ ሞክረህ ካልሆነልህ ምናልባት የመረጥከው ልማድ ላንተ አይሆንም፤ ሌላ ምረጥ» ይላል። እንደዚህ ዓይነት ዓረፍተ ነገር አንብቤ ማለፌን ራሱ አላስታውስም።

አራቱም ላይ አንድም የእርሳስ መስመር የለም። የወገቡ መጽሐፍ ላይ ግን የሻይ ኩባያ ክብ ምልክት አለ። ተዘርግቶ እያየሁት ስንቀሳቀስ የነበረ ይመስላል፤ ወገቤን ካመመኝ ቆይቷል።

ማሂ ሳቂታ

ቀጭኗን አዋሰኝ። ቀጭን ከሆነች ልጨርሳት እችላለሁ።

ገጽ ቆጣሪ

እሺ። ዕልባትሽን ይዘሽ ነይ።